በልጁ ልብ ውስጥ ያለው በር

ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖች። ከ10 ቀን በፊት እኅቴ እዚሁ ሐዋሳ ወለደች። ከዚያ በፊት ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። አዋላጇ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ስታሳርፈው የልጁ ልብ እንደ ጋሪ ፈረስ ኮቴ ሲመታ ሰማን። ደነገጥኩ። «አይዞህ፣ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታቱ ጤና ነው» አለችኝ። ቤት ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። አየር በሌለበት፣ ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ ይህ ልብ ደሙን ወዴት ነው የሚልከው?

በጸሎት ቡድናችን ያለች ነርስ አስረዳችኝ። እኛ ኦክስጅን የምናገኘው በሳንባችን ነው። ፅንሱ ግን ከእንግዴ ልጁ ነው የሚያገኘው። የእናትና የልጅ ደም እዚያ ይቀራረባል እንጂ አይቀላቀልም። በመካከላቸው ባለው ስስ ግድግዳ ኦክስጅንና ምግብ ያልፋል። እትብቱ ውስጥ 3 የደም ሥሮች አሉ፤ አንዱ ያመጣል፣ ሁለቱ ይመልሳሉ።

እኔን የገረመኝ ሳንባው ነው። ተሠርቷል፤ ግን ፈሳሽ ሞልቶት ተቀምጧል። ስለዚህ ጌታ ለደሙ አቋራጭ ሠራለት። በልቡ የላይኛው ቀኝና ግራ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ክዳን ያለው። አብዛኛው ንጹሕ ደም በዚያ ያልፋል። ወደ ሳንባ ያመራውንም አንዲት አጭር ቱቦ ተቀብላ ወደ ዋናው የደም ሥር ትመልሰዋለች። ሳንባው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለማደግ ግን ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ወራት ሙሉ ሳይተነፍስ የሚቆይ ሳንባ የተረሳ ይመስላል። ግን በየቀኑ ድርሻው ይደርሰዋል። ዳዊት «በእናቴ ሆድ ሰውረኸኛል» ይላል። የተሰወረ ሁሉ የተጣለ አይደለም። ጸጋ ተሰጥቶህ የምታገለግልበት ቦታ ያጣህ ወንድሜ፣ ስማኝ፤ የሚያሳድግህ ደም አልተቋረጠብህም።

ልጁ ተወልዶ ሲተነፍስ ደሙ ወደ ሳንባው ይጎርፋል። በልቡ ግራ በኩል ግፊቱ ይጨምርና ክዳኑን ገፍቶ በሩን ይዘጋዋል። ያቺ ቱቦም ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ትዘጋለች። ክፍት ከቀረች ሐኪም ሊያያት ይገባል። ትናንት ልጁን ያኖረ መንገድ ዛሬ ሊጎዳው ይችላል ማለት ነው።

ሥራዬን ያጣሁ ጊዜ ታቦር ተራራ ወጥቼ «ጌታ ሆይ፣ ይህን በር ለምን ዘጋህብኝ?» ብዬ አልቅሻለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። የዘጋው እጅ ግን የዚህን ልጅ ልብ የሠራው እጅ እንደሆነ አምናለሁ።

ልጁ ሲያለቅስ ኮሪደር ላይ ነበርን። እናቴ እልል አለች። ትናንት የእትብቱ ቁራጭ ደርቆ ወደቀና ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር ቀበረችው። በሆዱ ውስጥ የቀረው፣ ደሙን ያመጣለት የነበረው የደም ሥር ከእንግዲህ ደም አይሄድበትም። እንደ ጅማት ሆኖ ከእምብርቱ እስከ ጉበቱ ተዘርግቶ፣ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል።