«ሦስት ስትራይክ፣ ከዚያ ውጣ»፦ ሦስቱ መቆጠር የጀመሩት ለማባረር አልነበረም

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ያረፈድኩ ዕለት አለቃዬ ሁለት ጣቱን ቀስሮ «ቱ ስትራይክስ» አለኝ። እኔ ስትራይክ ሲባል የማውቀው የሥራ ማቆም አድማን ነው። አድማ አለመምታቴን፣ አውቶቡስ አምልጦኝ ብቻ እንደሆነ ላስረዳው ብሞክር ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩን የፈታልኝ አብሮኝ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ነው፤ «አንዴ ብትደግም ትባረራለህ ማለቱ ነው» አለኝ።

አባባሉ ሲሟላ «ስሪ ስትራይክስ ኤንድ ዩ አር አውት» ይላል። ሦስት ጊዜ ስተሃልና ውጣ እንደ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ልጅ በሚቀጣበት ሳሎን ሁሉ ይሰማል። ከእኛ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የጥፋቱ ልክ አስቀድሞ ተቆጥሮ መታወቁ ነው።

ምንጩ የቤዝቦል ሜዳ ነው። መቺው ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ ወርዋሪው ኳስ ይልክበታል። ሰንዝሮ ከሳተ አንድ ስትራይክ ይያዝበታል፤ ሊመታው የሚገባውን ኳስ ቆሞ ካሳለፈም እንደዚያው። ሦስት ሲሞላ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ግን ስትራይክ ማለት መምታት አይደለም እንዴ? ያልመታ ሰው ስለ ምን «መታ» ተብሎ ይቆጠርበታል?

መልሱ ያለው የኒውዮርኩ ኒከርቦከር ክለብ እ.ኤ.አ. በ1845 በጻፈው ደንብ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ የሳተና የመጨረሻው ኳስ ከኋላው የተቀለበበት ሰው ይወጣል ይላል ደንቡ፤ ካልተቀለበ ግን መቺው የመሮጥ ግዴታ አለበት። ያን ጊዜ የሚቆጠረው የተሰነዘረው ዱላ ነበር። ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አይቆጠርበትም።

«ካልተቀለበ ይሩጥ» የሚለው ሐረግ ደግሞ የዕድሜ ባለጸጋ ነው። ጉትስሙትስ የተባለው ጀርመናዊ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በ1796 ባሳተመው የጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ የእንግሊዞችን ቤዝቦል ገልጿል። ወርዋሪው ከመቺው አምስት ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ ኳሱን ቀስ አድርጎ ያቀርብለታል፤ ሥራው ማገልገል እንጂ ማሸነፍ አይደለም። መቺው ሦስት ዕድል አለው፤ በሦስተኛው መታም ሳተም ሩጫ ነው። መምታት የማይሆንለት ሰው ተገትሮ ጨዋታውን እንዳይዘው የተበጀ ዘዴ ይመስለኛል። ስለዚህ ሦስተኛው ስንዝር መጀመሪያ ላይ ትርጉሙ «ውጣ» ሳይሆን «ሩጥ» ነበር።

ነገሩን ያከረረው የመቺዎች ብልጠት ነው። የሚመቻቸው ኳስ እስኪመጣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ፤ ተመልካች ያዛጋል። በ1858 ዳኛው ካስጠነቀቀ በኋላ ላልሰነዘረውም መቺ ስትራይክ እንዲቆጥርበት ተፈቀደለት። እንግዲህ ስትራይክ ከምትነት ወደ ጥፋትነት የዞረው ያን ጊዜ ነው። በ1887 ቁጥሩን አራት አድርገው ለአንድ የውድድር ዘመን ሞክረውት ነበር። ጉልቻም ሦስት ነው፤ አራተኛው አላስቀምጥ ብሎ ነው መሰለኝ በ1888 ወደ ሦስት ተመለሱ።

ከሜዳ ወጥቶ ፍርድ ቤት የገባውም በዚሁ ስሙ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው «የሦስት ስትራይክ» ሕግ፣ ቀድሞ በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው በሦስተኛ ወንጀል ከተያዘ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይጠብቀው ነበር። 1,200 ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ ዱላዎች የሰረቀ ሰው ይኸው ተፈርዶበት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ቅጣቱን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አጽንቶታል። በ2012 የካሊፎርኒያ መራጮች ሕጉን አለዘቡት። እኔ ግን ለኳስ ጨዋታ የተቆረጠ ቁጥር የሰውን ዕድሜ ሲለካ ማየት እስካሁን አይዋጥልኝም።

ያ አሮጌ «ሩጥ» ከቤዝቦል ደንብ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1941 ብሩክሊን ላይ፣ የአካባቢው ቡድን ዶጀርስ በዓመቱ የፍጻሜ ውድድር አራተኛ ግጥሚያ ያንኪስን 4 ለ 3 እየመራ ነበር። የመጨረሻው ዙር ነው፤ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ የሚቀረው አንድ ብቻ። የያንኪሱ ቶሚ ሄንሪክ ሦስተኛውን ሰነዘረ፤ ሳተ። አለቀ ሲባል ኳሱ ከቀላቢው ከሚኪ ኦወን ጓንት አምልጦ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ሄንሪክ ዞር ብሎ አየና ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጭ ሊደርስበት ወደሚገባው ማረፊያ፣ ፈተለከ። ጥቂት ቆይቶ አቻ የምታደርገዋን ነጥብ ያመጣው ያው ሦስት ጊዜ የሳተው ሰው ነበር። ያንኪስ 7 ለ 4 አሸነፈ፤ በማግስቱም ሻምፒዮን ሆነ።