የበጎ አድራጎት ጨረታ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጧል፤ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ገንዘቡ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ ይውላል ተብሏል። አጫራቹ በ1,000 ብር ጀመረ። አንዲት እናት 2,000 አሉ። እኔም ሞቅ ብሎኝ 3,000 አልኩ። ከኋላዬ አንዱ 4,000 አለ። 6,000 አልኩ። ሰውየው 8,000 ሲል፣ እውነቴን ነው፣ እፎይ አልኩ። ስሜ ተጠርቷል፣ ተጨብጭቦልኛል፣ ኪሴ ግን አልተነካም።

ትንሽ ቆይታ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የእርስዎ 6,000 ነው አይደል?»

ማሩን እኮ አልወሰድኩም!

«እሱማ አልወሰዱም» አለች ሳቅ ብላ። «እዚህ ግን የጠራ ሁሉ ይከፍላል።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እናንተ እንደኔ እንዳትደነግጡ ነው።

የበጎ አድራጎት ጨረታ ሰዎች በነጻ የሰጡትን ዕቃ በአደባባይ አጫርቶ፣ የተገኘውን ገንዘብ ለተባለው ዓላማ ማዋል ነው። ቃሉ ትንሽ ያምታታል። ጋዜጣ ላይ የምናየው የመሥሪያ ቤት የግዢ ጨረታ በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ባንክ የተበዳሪን ቤት ሲሸጥ ደግሞ ሐራጅ ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። የኛው ከሐራጅ ጋር ይመሳሰላል። ዋጋ በድምፅ ይጠራል፣ ሌላው ይጨምራል፣ አጫራቹ «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ» ብሎ ይዘጋል። ግን ሐራጅ ላይ ሰው የሚመጣው በርካሽ ሊወስድ ነው። እዚህ በርካሽ የወሰደ ያፍራል። ቶምቦላም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ትኬት ገዝቶ ዕድልን መጠበቅ ነው።

ነገሩ ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። በንግሥ ቀን ስለቱ የሰመረለት ሰው ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ሻማ፣ አንዳንዱም በግ ይዞ ይመጣል። ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የማይፈለገው እዚያው ግቢ ውስጥ ይጫረታል። አንድ ጃንጥላ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ። የገዛው ሰው ከፍሎ «ለቤተ ክርስቲያኑ ይሁን» ብሎ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይጫረታል። ከገበያ የመጣ ነጋዴ ቢያይ የታመምን ይመስለዋል። የአዳራሹ ጨረታ የዚሁ ልጅ ነው። ማይክራፎንና ጠረጴዛ ተጨመረለት እንጂ።

ወደ ደብተሩ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በተለመደው ጨረታ የሚከፍለው የረታው ብቻ ነው። ሁለተኛው እኔን የያዘኝ ነው፦ ዕቃውን የሚወስደው አንድ ሰው ቢሆንም እያንዳንዱ በመጨረሻ የጠራውን ይከፍላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሰው የሚከፍለው የጨመራትን ብቻ ነው፤ 4,000 ላይ ደርሶ 6,000 ካላችሁ 2,000 ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይደረጋል? ሒሳቡን እንየው። በተለመደው ደንብ ቢሆን ያ ማር ለመጻሕፍቱ ያስገባው 8,000 ብር ብቻ ነበር። እኔ ልሰጥ የተዘጋጀሁት 6,000፣ የእናትየዋ 2,000፣ ሰውየው «8,000» ባለበት ቅጽበት ውኃ በላቸው ማለት ነው። በደብተሩ ደንብ ግን 16,000 ገባ። አንድ ማሰሮ ማር፣ እጥፍ ገንዘብ። ሳስበው አዘጋጆቹ አልተሳሳቱም። ስህተታቸው አስቀድመው በማይክራፎን አለመናገራቸው ነው። እኔ አዘጋጅ ብሆን ከጸሎቱ ቀጥሎ የማስነግረው ይህንን ነው። እናንተ ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ያልረታውም ይከፍላል ወይ?»

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ አጫራቹን ነው። ጥሩ አጫራች ዕቃ አይሸጥም፤ ይሉኝታን ነው የሚሸጠው። «የሞጣ ልጆች ዝም አሉ እንዴ? ቢቸናዎች ይህን ሰምታችኋል?» ይላል። አለቀ። ሞጣዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ ይንሾካሾካሉ፣ ብር ያሰባስባሉ፣ አንዱ ይነሳል። በቡድን መጫረት ይቻላል፤ እንዲያውም ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው። አምስት ሆናችሁ ብትይዙት ፉክክሩም ይደምቃል፣ ኪሳችሁም አይጎዳም። አንዳንዴ አጫራቹ ሀብታም ያለውን ሰው በስም ጠርቶ ያፋጥጠዋል። ይህን አልወደውም። ሰው ሰጥቶ ደስ ሊለው እንጂ ተገዶ ሊያኮርፍ አይደለም የመጣው።

ስለዚህ ጣሪያችሁን ቤታችሁ ወስኑ። አዳራሽ ውስጥ፣ ጭብጨባ መሃል፣ ጣሪያ አይወሰንም። እጃችሁን በግልጽ አውጡ፤ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ማዶ ለተቀመጠ ጓደኛ እጅ አታወዛውዙ። አንድ ወዳጄ ሰላምታ ሲሰጥ ሙክት ገዝቶ ገብቷል። ክፍያው ብዙ ጊዜ እዚያው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ያልቃል፤ ደረሰኝ ጠይቁ። በእጃችሁ ከሌለ ቃል መግባት ይቻላል። ግን ቃል የተገባ ገንዘብ ያዘጋጆች ራስ ምታት ነው። በማግሥቱ ስልክ የማያነሳው ብዙ ነው።

ድምፅ አውጥቶ መጥራት የሚከብደው ሰው ካለ በወረቀት የሚደረግ ጨረታ አለ። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ባለው ወረቀት ስምና ዋጋ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ከበላዩ ያለውን አይቶ ይጨምራል። ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱ ይነሳል። አጫራች የለ፣ ማፋጠጥ የለ። ውጭ አገር በጣም የተለመደ ነው። እኛ ጋ ግን ጭብጨባ የሌለበት ጨረታ ብዙም አይሞቅም።

ምን ዓይነት ዕቃ ነው ብዙ የሚያወጣው? ገበያ ላይ ዋጋ የሌለው። ስኳርና ዘይት አቅርቡ፤ ሰው ወዲያው የሱቁን ዋጋ ያሰላል። ከአገር ቤት እናት የፈተለችው ጋቢ፣ የሠዓሊ ሥዕል፣ የታወቀ ሯጭ የሮጠበት መለያ ሲቀርብ ግን ማስያው ይጠፋል።

የኔን ጉዳይ ልጨርስ። 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁ፣ የቀረውን 4,000 ለደመወዝ ቀን ቃል ገባሁ፣ ልጅቷም ጻፈችው። በዚህ መሃል ማሩን የረታው ሰው መድረክ ላይ ወጣ። ማሰሮውን ተቀበለና ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ተጨበጨበለት፣ መልሶ ለአጫራቹ ሰጠው።

«ይኸው እንደገና!» አለ አጫራቹ። «ከ1,000 እንጀምራለን!»

ሁለት እጄን ጠረጴዛው ሥር ከተትኩ።