የሥዕል መያዣ ቦርሳ አመራረጥ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የሥዕል መያዣ ቦርሳ፣ በተለምዶ ፖርትፎሊዮ የሚባለው፣ በወረቀት፣ በጨርቅ ወይም በብራና ላይ የተሠሩ ሥራዎችን ሳይታጠፉና ሳይቆሽሹ ለማጓጓዝ፣ እዚያው ከፍቶም ለማሳየት የሚያገለግል ጠፍጣፋ መያዣ ነው። በባሕር ዳር የፋሽን ዲዛይንና የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች፣ ሥራቸውን ወደ ሆቴልና ወደ ሱቅ ይዘው የሚዞሩ ሠዓሊዎች፣ በዘጌ መንገድ ዳር የብራና ሥዕል የሚሸጡ ሰዎችም ያስፈልጋቸዋል።

ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት የሚጠበቁት ማኅደር በሚባል የቆዳ መያዣ ነው። ማኅደር ክዳንና ማንገቻ ጠፍር አለው፤ ከጉዞ ሲመለስም በጠፍሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና ከወለል ርጥበትና ከምስጥ ይርቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመጽሐፉ ልክ መሰፋቱ ነው፤ መጽሐፉ ውስጡ ስለማይናጥ ጠርዙ አይፋቅም። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛውን ቦርሳ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ምርጫው ከመጠን ይጀምራል። የተለመዱት የወረቀት መጠኖች ኤ3 (297 በ420 ሚሊ ሜትር)፣ ኤ2 (420 በ594) እና ኤ1 (594 በ841) ሲሆኑ፣ ቦርሳው ከሥራው በየጎኑ በጥቂቱ ብቻ መብለጥ አለበት። መጠኑ የሚወሰነው አንድ ጊዜ በተሠራው ትልቅ ሥዕል ሳይሆን ዘወትር በሚያዘው ነው። ኤ1 የሚይዝ ቦርሳ ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ አይቀመጥም፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በጀልባ ላይም ነፋስ ይመታዋል። ለአብዛኛው የከተማው ሠዓሊ ኤ2 ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ለብቻው በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አስሮ መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ከተማ ቸል የሚባል አይደለም። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐይቁን በሞተር ጀልባ የሚሻገር ሰው ደግሞ በበጋም ፍንጣቂ አያጣም። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጨርቁ ውኃ የማያስገባ መሆኑን ነው፤ ውኃው ግን የሚገባው በዚፑ ጥርሶችና በስፌቱ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ዚፑን የሚሸፍን ክዳን ያለውን መምረጥ፣ ከተገዛም በኋላ ሥዕል ሳይገባበት ውስጡ ደረቅ ጋዜጣ ዘርግቶ በዚፑ ላይ አንድ ኩባያ ውኃ ማፍሰስ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ሲከፈት ጋዜጣው የጠቆረበት መስመር የቦርሳውን ደካማ ቦታ በግልጽ ያሳያል። ቆዳ ያምራል፣ ዕድሜም አለው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ በክረምትም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ይሻግታል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ቀላል ፕላስቲክ ውኃ አይጠጣም። ተራ ካርቶን ርካሽ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ግን ቅርጹን አይመልስም።

የውስጥ ኪሶቹም መመርመር አለባቸው። ፒቪሲ ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ ኪሶች ከጊዜ ብዛት ማለስለሻ ኬሚካላቸው እየወጣ ከኅትመት ቀለም ጋር ይጣበቃሉ፤ ሲከፈቱ የሚሸተው ኃይለኛ ሽታ አንዱ ምልክታቸው ነው። በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊስተር የተሠሩት ይመረጣሉ። በከሰል ወይም ፓስቴል በሚባለው ጠመኔ መሰል ቀለም የተሠራ ሥዕል ግን በምንም ዓይነት የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ በቀጥታ ባይገባ ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ሲታሽ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ኃይል ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። በመካከሉ ስስና ልሙጥ ወረቀት መደረግ አለበት።

ብራና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ከቦታቸው አይነሡም፤ ጎብኚው ይዞ የሚሄደው በፍየል ቆዳ ላይ የተሣለውን ትንሽ ሥዕል ነው። ብራና ቆዳ እንደመሆኑ ከአየር ርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል፤ በዚህ መካከል ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከታሸገ ደግሞ የያዘው ርጥበት ሻጋታ ያመጣበታል። ስለዚህ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ በታጠበ አሮጌ ነጠላ፣ ሳያጥፉ ሸፍኖ በሁለት ቀጥ ያሉ ሰሌዳዎች መካከል ማስገባት፣ ቤት ሲደርሱም ወዲያው ማውጣት ነው። የጨርቅ ሥዕል የግድ መጠቅለል ካለበት ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ይጠቀለላል፤ ብራናን ግን መጠቅለል አይመከርም።

ለማሳየት የሚያገለግለው ቦርሳ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ኤ3 ባለ ቀለበት ክላሰር ይመቻል። ቁመታሙንና አግድሙን ሥራ ለየብቻ መደርደር ተመልካቹን ቦርሳውን ደጋግሞ ከማዞር ያድነዋል። በሐይቁ ዳር ብርሃኑ ኃይለኛ ነውና ኪሱ እንዳያንጸባርቅ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ አድርጎ መቀመጥ ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ እጀታው ይታያል። ብዙ ቦርሳ የሚበላሸው በጨርቁ ሳይሆን እጀታው ከተሰፋበት ቦታ ተገንጥሎ ነው፤ እጀታው በጨርቁ ላይ ብቻ ከተሰፋ፣ ሥዕል ከመግባቱ በፊት ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ ከሥር ቁራጭ ቆዳ ማስደረግና በወፍራም ክር ዳግመኛ ማሰፋት ይገባል።