ፋይበር ከገባ በኋላ የቀረው የቤት ስልክ ሽቦ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፋይበር ኢንተርኔት ገብቷል፤ የድሮው የስልክ ሽቦ ግን እንደተለጠፈ ነው። ከምሰሶው ወርዶ፣ በመስኮቱ ጠርዝ ገብቶ፣ ጥግ ጥጉን በሚስማር ክሊፕ ተይዞ ሳሎን ይደርሳል፤ ከዚያም አንዱ ቅርንጫፍ ወደ መኝታ ቤት ያልፋል። ቤት ሲቀባ ወይም ኮርኒስ ሲቀየር «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ተብሎ ፒንሳ ይነሳል። መቁረጡ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የተቆረጠው ሌላ ሽቦ ሆኖ ሲገኝ ግን ጥገናው ቀናት ሊወስድ ይችላል።

«አሮጌው ሽቦ ፋይበሩን ያዘገየዋል»

አያዘገየውም። በፋይበር የሚመጣው ብርሃን ነው፤ ጎኑ ያለው መዳብ ኤሌክትሪክ ቢኖረውም ባይኖረውም ብርሃኑን አይነካውም። እምነቱ የመጣው ኢንተርኔቱ ራሱ በስልክ ሽቦ ይገባ ከነበረበት ጊዜ፣ ከኤዲኤስኤል ነው። ያኔ ወደ መኝታ ቤት የተቀጠለ ቅርንጫፍ ሞገዱን እያንጸባረቀ ፍጥነቱን በእርግጥ ይጎዳ ነበር። ድምፁንና ኢንተርኔቱን የምትለየው ትንሿ ነጭ ማጣሪያም የዚያ ዘመን ዕቃ ናት፤ ለፋይበር ምንም አትሠራም፤ ትንቀል።

ፋይበሩ ከዘገየ መፈተሽ ያለበት ሌላ ነው። ገመዱ ከሶፋ ጀርባ ተጨፍልቆ ይሆን? ቤት ውስጥ የሚዘረጋው ዓይነት እንኳ ከ7.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ራዲየስ በታች ሲታጠፍ ብርሃን ያባክናል፤ የድሮው ዓይነት ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ወይም የፋይበሩ አረንጓዴ ሶኬት ጫፍ ላይ አቧራ አለ፤ ወይም ሞደሙ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ዋይፋዩ ታፍኗል።

«ቀጭን ሽቦ ሁሉ የስልክ ሽቦ ነው»

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ፋይበሩና የስልኩ ሽቦ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ፤ በአንድ ክሊፕ የተያዙበት ቤትም አለ። ሁለቱም ጥቁር ወይም ሁለቱም ነጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቀለም አይለያቸውም።

ቅርጻቸውና ጫፋቸው ግን ይለያቸዋል። ቤት ውስጥ የሚገባው ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ወርዱ 3፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሶኬት አለው። ከምሰሶ በሚወርደው ክፍል ላይ ከጎኑ የተጣበቀ የብረት ሽቦ ይኖረዋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። የስልኩ ሽቦ ውስጥ ደግሞ ባለ ቀለም ልባስ ያላቸው ሁለት ወይም አራት የመዳብ ሽቦዎች አሉ፤ የሚያልቀውም ብሎን ባላት ትንሽ ሳጥን ወይም በቀጭን የፕላስቲክ ሶኬት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከሞደሙ ይጀመር። ወደ ሞደሙ የሚገባውን ፋይበር በእጅ እየተከተሉ ወደ ውጭ ይሂዱ፤ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ቀይ ናስትሮ ይጠቅልሉበት። የስልኩን ሽቦም ከመጨረሻው ሶኬት ወደ ኋላ እንዲሁ ይከተሉት። ሁለቱም ጫፉ ያልታወቀ ሽቦ አይቆረጥም።

ፋይበሩ በስሕተት ከተቆረጠ ሞደሙ ላይ «ሎስ» (LOS) የተባለው መብራት ቀይ ይሆናል ወይም ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። እንደ መዳብ ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር አይሠራም፤ ውስጡ ያለው የመስታወት ክር በማሽን መበየድ ወይም አዲስ ሶኬት መግባት አለበት። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ዓይን አስጠግቶ «ብርሃን አለው?» ማለትም አይገባም፤ ብርሃኑ 1490 ናኖ ሜትር ላይ ስለሆነ ቢኖርም ለዓይን አይታይም።

«የስልክ ሽቦ አይነዝርም»

ስልኩ ሲዘጋ መስመሩ ላይ 48 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፤ በደረቅ እጅ ብዙም አይሰማም። ሲደወል ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨመርበታል፤ ያ በደንብ ይነዝራል። ሽቦ በጥርስ መላጥ ለለመደ ሰው አንድ ቀን ጥሪ የሚመጣው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው።

መለካቱ ቀላል ነው። መልቲሜትሩን ቀጥተኛ ቮልት 200 ላይ አድርገው ሁለቱን ብሎኖች ይንኩ። ከ45 እስከ 55 ካሳየ መስመሩ ሕያው ነው፤ ስልኩ ሲነሳ ከ12 በታች ይወርዳል። ዜሮ ካሳየ ደግሞ ሞቷል ማለት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ተበጥሶ ወይም ለጊዜው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ሲቆረጥም ሁለቱ ሽቦዎች ለየብቻ፣ አንዱ ከሌላው በ2 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይቆረጡና እያንዳንዳቸው በናስትሮ ይሸፈኑ። የተላጡ ጫፎች ተነካክተው ከቀሩ የቴሌኮሙ የስልክ ማዕከል «ስልኩ ተነስቷል» ብሎ ያነበዋል፤ ለሚደውል ሰው ሁልጊዜ እንደተያዘ ይሆናል።

«ፋይበር ከገባ የመዳቡ መስመር አገልግሎቱ አብቅቷል»

ምናልባት አላበቃም። ኢንተርኔቱ ወደ ፋይበር ዞሮ መደበኛ ስልኩ መዳቡ ላይ የቀረበት ቤት አለ። በሱቅ ያለ ፋክስ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ ወይም የሊፍት የድንገተኛ ስልክም በዚያው ሽቦ ሊሠራ ይችላል። ሽቦው ከመነካቱ በፊት በመስመሩ ቁጥር ከሞባይል ይደውሉ፤ የትኛው ዕቃ እንደሚጮህ ያዳምጡ። ደንበኝነቱ በማን ስም እንዳለና በምን መስመር እንደሚመጣ በኢትዮ ቴሌኮም 994 ይጠየቃል። ሽቦ መንቀል ደንበኝነት ማቋረጥ አለመሆኑም አይረሳ፤ ወርሃዊ ክፍያ ካለ መቁጠሩን ይቀጥላል።

«ስልኩ በሞደሙ ከሆነ ሞደሙን የግድግዳው የስልክ ሶኬት ላይ መሰካት ነው፤ አለቀ»

ብዙ የፋይበር ሞደሞች «ቴል» (TEL) ወይም «ፖትስ» (POTS) የሚል የስልክ ቀዳዳ አላቸው፤ አገልግሎቱ ከተከፈተበት ተራ ስልክ ይሠራበታል። ከዚያ ቀዳዳ አጭር ሽቦ ወደ ግድግዳው ሶኬት ቢወሰድ የመኝታ ቤቱም ስልክ ይጮሃል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይስታል። ቤቱ ከምሰሶው ሽቦ ጋር ገና እንደተያያዘ ከሆነ ከማዕከሉ የሚመጣው 48 ቮልትና ሞደሙ የሚያመነጨው ቮልት በአንድ ሽቦ ላይ ይገናኛሉ። ሞደሙ ባይጠፋ እንኳ የስልክ ቀዳዳው ሊቃጠል ይችላል።

መጀመሪያ ሽቦው ቤት ከሚገባበት ሳጥን ላይ ከውጭ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ይነቀሉ። ቀጥሎ በሶኬቱ ላይ ቮልት አለመኖሩ ይለካ። ሞደሙ የሚሰካው ከዚህ በኋላ ነው። ደወል ያላቸው የድሮ ስልኮች አራትና አምስት ሆነው ከተሰኩ ደግሞ የሞደሙ ጉልበት ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ድምፅ አጥተው ይቀራሉ።

አንድ ለውጥ አለ፤ የድሮው ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከማዕከሉ ስለነበር መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። በሞደሙ በኩል የሚሠራው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አብዛኛው ሞደም በ12 ቮልት ስለሚሠራ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ መፍትሔ ይሆናል፤ ከመግዛት በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማየት ያስፈልጋል።

«የስልኩን ሽቦ ለኮምፒውተር ኬብል እንጠቀምበት»

የስልኩ ሶኬት የኢንተርኔቱ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ የሚቻል ይመስላል። ግን 100 ሜጋ ቢት አራት ሽቦ፣ 1 ጊጋ ቢት ስምንት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽቦዎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው። ጠባቡ ሶኬት ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ዳርና ዳር ያሉትን ቀጫጭን እግሮች ሊያጎብጥም ይችላል።

አሮጌው ሽቦ የሚጠቅመው አዲስ ኬብል ስቦ ለማስገባት፣ እንደ መሳቢያ ገመድ ነው፤ ያውም በቱቦ ውስጥ ካለ። አንድ ሰው ከአንዱ ጫፍ ሲስብ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሲንቀሳቀስ ካየ መንገዱ ክፍት ነው። የአዲሱ የኮምፒውተር ኬብል (ካት 6) ውጭኛ ልባስ 10 ሴንቲ ሜትር ይላጥ፤ ሽቦዎቹ ከአሮጌው ጋር ይጠላለፉና ሹል እስኪሆን በናስትሮ ይጠቅለሉ፤ ሲባጎም አብሮ ይታሰር። አንዱ እየገፋ ሌላው ቀስ ብሎ ይስባል፤ ጉልበቱ ከ11 ኪሎ ግራም ክብደት መብለጥ የለበትም። ከያዘ ወደ ኋላ መልሶ ማላላት ነው እንጂ መጎተት አይደለም፤ አሮጌው ሽቦ ቱቦው መሀል ከተበጠሰ መሳቢያው ጠፋ ማለት ነው። የገባው ሲባጎ እዚያው ይቅር፤ ለሚቀጥለው ኬብል ያገለግላል። በዚያ ቱቦ የ220 ቮልት ሽቦ ካለፈ ሐሳቡ ይሰረዝ።

«ካልተነቀለ ሥራው አላለቀም»

በልስን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግድግዳ አስፈንቅሎ ማውጣት ትርፍ የለውም። ሁለቱም ጫፉ ከተለያየ፣ ከተሸፈነና ሳጥኑ በክዳን ከተዘጋ የሚያደርገው ነገር የለም። ላይ ላዩን በክሊፕ የተያዘው ግን ይነሳል፤ ሽቦው አይጎተትም፣ ሚስማሩ በካቻቪቴ ጫፍ አንድ በአንድ ይነቀላል። ሲጎተት ቀለሙ በቁራጭ ቁራጭ አብሮ ይመጣል። ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ከውጭ የሚገባው ቀዳዳ ደግሞ በሲሊኮን፣ ያለበለዚያ ዝናብ ይገባበታል።

«ከምሰሶ እስከ ቤቴ ያለው የኔ ነው»

አይደለም፤ የቴሌኮም ድርጅቱ ነው፤ በሕግም ይጠበቃል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ያለው ሳጥንም የጎረቤቶች መስመር ስላለበት አይነካም። ምሰሶ ላይ መውጣት ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር መጠጋት ነው። ሆኖም «ካልተነካ ጉዳት የለውም» ማለትም ልክ አይሆንም፦ በአየር ላይ የተዘረጋ መዳብ የመብረቅን ኃይል ተሸክሞ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ መግቢያው ሳጥን ላይ ከቤቱ ሽቦ ይለያይ፤ የውጭውን እንዲያነሱት ለድርጅቱ ይነገር። ፋይበሩም ቢሆን መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም እንጂ የተሸካሚው ብረት ያስተላልፋል፤ ብረቱ ውጭ ማንጠልጠያው ላይ ታስሮ መቅረት አለበት።

«መዳቡ ገንዘብ ነው»

0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሽቦዎች በሜትር 3.5 ግራም ያህል መዳብ አላቸው። ከአንድ ቤት 30 ሜትር ቢወጣ 105 ግራም ነው፤ ቆራሌው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው መርፌው ብዙም አይነቃነቅም። ለዚያ ብሎ ፕላስቲኩን ግቢ ውስጥ ማቃጠል ደግሞ ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ እንዳለ ይሰጠው።