ትራፊኩን ማን ላከው? በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስለ ትራፊክ ሥራ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

በደሴ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ፣ በመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ «ለምን ትራፊክ አታስቀምጡልንም?» ያላለኝ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ የሚያደክመው ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ግምት ነው። ሰው ሁሉ የትራፊክ ሥራ የአንድ ቤት ሥራ፣ የቤቱም ጌታ ከንቲባው ወይም የከተማው ምክር ቤት ይመስለዋል። የተማሩ ሰዎችም፣ አንዳንድ ጊዜ የምክር ቤት አባላትም ጭምር፣ ከዚህ ስሕተት አይድኑም።

«ትራፊክ ፖሊስ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ምክር ቤቱ ይቅጠረው፣ ምክር ቤቱም ይዘዘው።»

አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ በመጀመሪያ ፖሊስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የክልልን የፖሊስ ኃይል ማደራጀትና መምራትን ለክልሎች ስለሰጠ፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት አስፋልት ላይ ቆሞ የምታዩት ሰው ምልመላው፣ ሥልጠናው፣ ማዕረጉና ዝውውሩ የሚያልፈው በክልሉ የፖሊስ መዋቅር ውስጥ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የት እንደሚቆም የሚወስነውም በከተማው ፖሊስ ውስጥ ያለው የትራፊክ ክፍል ኃላፊ ነው። ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ የአስፈጻሚውን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል፣ በቋሚ ኮሚቴዎቹ በኩል ይከታተላል። ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን አንድ የምክር ቤት አባል ስልክ አንሥቶ «ነገ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው አቁምልኝ» ቢል ጥያቄ አቀረበ እንጂ ትእዛዝ አልሰጠም።

ሥራው በእውነቱ ቢያንስ በአራት እጆች የተከፋፈለ ነው። ደንብ የተላለፈን አሽከርካሪ መክሰስና የደረሰን አደጋ መመርመር የትራፊክ ፖሊስ ነው። የመናኸሪያው ስምሪት፣ ታሪፉ፣ የባጃጆች መስመርና የአሽከርካሪ ፈቃድ ጉዳይ የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ የዳር መብራቱና የእግረኛ መንገዱን የዘጋውን ጉሊት ማስነሣት የማዘጋጃ ቤቱና የደንብ አስከባሪው ነው። ከተማችንን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ግን የከተማው አይደለም፤ ክልልን ከክልል የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች በአንቀጽ 51 መሠረት ለፌዴራል መንግሥት የተሰጡ ስለሆኑ፣ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው።

ይህን ክፍፍል አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ልጆቻቸው ዋናውን አስፋልት ተሻግረው የሚማሩ ወላጆች ፊርማ አሰባስበው፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ሲሉ ለምክር ቤቱ አመለከቱ። ምክር ቤቱ ለከንቲባው መራው፤ ከንቲባው ለእኛ፤ እኛም ለፖሊስ። ሁሉም «ለሚመለከተው» ብሎ ፈረመ፤ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ወራት አለፉ። ሰዎቹ ተስፋ ሲቆርጡ በአንድ እሑድ ድንጋይና አፈር ቆልለው የራሳቸውን ጉብታ ሠሩ። ምልክት የለው፣ ቀለም የለው፤ ማታ ከደሴ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሳያየው ዘልሎበት ግማሽ ጭነቱን መንገዱ ላይ ዘረገፈው። ሰው አለመሞቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። በማግሥቱ ጉብታውን ግሬደር ጠረገው፤ ልጆቹም እንደ ቀድሞው እየሮጡ መሻገር ቀጠሉ።

ጉዳዩ ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንዱ ለከተማው ፖሊስ ሆኖ፣ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ አንድ ሰው እንዲመደብ የሚጠይቅ፤ ሌላው በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ለመንገዶች አስተዳደር ሆኖ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ዜብራና ምልክት ያለው ጉብታ የሚጠይቅ። የመጀመሪያው በሳምንት ሊፈጸም የሚችል ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ትክክለኛው በር ላይ የሚጠብቅ ደብዳቤ አንድ ቀን መልስ ያገኛል፣ በተሳሳተ በር የገባው ግን ሲመራ ይኖራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ሪጂዮፖሊታን ከተማ ከሆነ ወዲህ ለዞኑ ሳይሆን በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ ነው፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ነዋሪ በከተማው ያላገኘውን መልስ ፍለጋ ወደ ዞን መሥሪያ ቤት ሲሄድ ሕንጻው ቅርብ ቢሆንም በሩ የእርሱ አይደለም። የሸዋ ሮቢት፣ የደብረ ሲና ወይም የመሐል ሜዳ ሰው ግን በዞኑ በኩል ማለፍ አለበት።

«በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ትራፊክ ቢቆም ችግሩ ያበቃል።»

ይህን የሚሉኝን ሰዎች ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጥቼ አብረን እናስላ እላቸዋለሁ። አንድ መጋጠሚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይጠበቅ ቢባል የቀኑ ሥራ 14 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት የ7 ሰዓት ፈረቃ ነው። በሳምንት 14 ፈረቃ ይሆናል። አንድ ሰው በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ ሁለት ሰው 12 ፈረቃ ብቻ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለአንድ መጋጠሚያ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህም ማንም ሳይታመም፣ ማንም ዓመት ፈቃድ ሳይወጣ፣ ማንም ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሳይጠራ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ፕላን የሚያነሡት፣ የሚለኩትና ቃል የሚቀበሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ግጭት ከከተማ ውጭ ከደረሰ የግማሽ ቀን ጥበቃ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ምክር ቤቱ ሰው ይጨመር ብሎ በጀት ቢያጸድቅ እንኳ ሰው ከገበያ አይገዛም፤ ተመልምሎ፣ ሠልጥኖና ተመድቦ ይመጣል። የገበያ ቀንና የትምህርት ቤት ሰዓት ተለይቶ ቢጠየቅ ግን ባለው ሰው ብዙ ይሠራል።

«ጣርማ በር ላይ ትራፊክ ቢኖር መኪና አይገለበጥም ነበር።»

ከደብረ ሲና በላይ ያለው፣ መንገዱ በዋሻ የሚያልፍበት ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። የጭነት መኪና ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ካልወረደው ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከዋሻው አፍ የቆመውን ሰው ራሱን ማየት ያስቸግራል። እዚያ የሚያስፈልገው ቀድሞ የተፈተሸ ፍሬን፣ የሚነበብ ምልክትና ማርሹን የሚያከብር ሾፌር ነው። ትራፊክ ፖሊስ ፍጥነትን ይቀጣል እንጂ ቁልቁለትን አያቃናም።

«ቅጣቱ የትራፊኩ ደመወዝ ነው።» ደመወዙ ከመደበኛ በጀት የሚከፈል ሲሆን ቅጣቱ በደረሰኝ ወደ መንግሥት ገቢ ይገባል። ገንዘብ በእጅ የሰጠ ሰው ቅጣት ከፈልሁ አይበል፤ የሰጠው ጉቦ ነው፤ እርሱም እንደ ተቀባዩ ጥፋተኛ ነው።

«በአሌልቱና በሸኖ ያለው ሕግ ሌላ፣ ከጫጫ ወዲህ ያለው ሌላ ነው።» ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር የሁለት ክልል ፖሊስ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም የሚያስከብሩት ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣውን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ቀበቶ በሸኖም በጫጫም ቀበቶ ነው።

«ተራ አስከባሪ ሊቀጣኝ ይችላል።» አይችልም፤ ሥራው ወረፋ ማስያዝ ነው።

«መብራቱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ የትራፊኩ እጅ አያስቆመኝም።» ያስቆማል። የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ምልክት ከመብራቱም ከሰሌዳውም ይበልጣል።

ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰነ ሰው ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ይግለጽ፤ መጨናነቁ በስንት ሰዓት እንደሚበረታ ይጻፍ፤ «ሁልጊዜ» ብሎ አይጻፍ፤ ለአንዱ መሥሪያ ቤት ጽፎ ለምክር ቤቱ ግልባጭ ያድርግ እንጂ ለምክር ቤቱ ጽፎ ለሁሉም ግልባጭ አይበትን። ጊዜውንም ይወቅ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ቀለም፣ ሰሌዳ ወይም መብራት የሚጠይቅ ደብዳቤ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በሚያዝያና በግንቦት መድረስ አለበት። በነሐሴ ይዛችሁት ብትመጡ በጀቱ ጸድቋል፤ የዜብራው ቀለምም በዚያ ዝናብ አይይዝም።