የኮንሶ እርከኖችና ከተሞች፦ በደቦ የቆመ ቅርስ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ ካራት ይደረሳል። የኮንሶ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የኮንሶ ብሔረሰብ አባላት ቁጥር 250 ሺህ ገደማ ነበር። ቋንቋቸው ከኩሽ ቤተሰብ ነው። ሕዝቡ በ9 ጎሳዎች የተከፈለ ሲሆን፣ አንድ ሰው ከራሱ ጎሳ ማግባት አይፈቀድለትም።

ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለኢትዮጵያ ዘጠነኛዋ መሆኑ ነው። ግን እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ፋሲል ግቢ ቲኬት ቆርጠው ገብተው የሚያዩት ሕንፃ የለም። የተመዘገበው ሰው የሚኖርበት ከተማና ሰው የሚያርሰው ማሳ ነው። ገበሬው መሬቱን ጥሎ ከሄደ ቅርሱም አብሮ ይፈርሳል። ስለ ኮንሶ ጥበቃ የሚነሳው ክርክር ሁሉ መነሻው ይኼ ነው።

እርከኑን ቀረብ ብለው ይዩት። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ እርስ በርሱ ተሰካክቶ የተካበ ነው። አንዳንድ ቦታ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ኮንሶ ዝናብ የሚያስቸግረው አገር ነው፤ ሲመጣ በዶፍ ይመጣል፣ ሲቀር ደግሞ ጨርሶ ይቀራል። ካቡ ጎርፉን ይገታና አፈሩን ያስቀራል። ውሃው እዚያው ማሳው ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል። ከመጠን ያለፈው ደግሞ ካቡን እንዳይንደው መውጫ ይበጅለታል። ድንጋዩም ቢሆን ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ ከዚያው ከማሳው ተለቅሞ ነው። አንድ ሥራ ሁለት ችግር ይፈታል ማለት ነው። ከብቶቹ በብዛት እቤት ታስረው ይቀለባሉ፣ ፍጋቸው በሸክም ወደ ማሳ ይወሰዳል። በዚህ መሬት ላይ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጥጥና ሽፈራው ተደባልቀው ይበቅላሉ።

ካብ ግን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። በየዝናቡ ወቅት የሆነ ቦታ ይናዳል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም፣ ስለዚህ ሥራው በደቦ ነው። ባለማሳው ከማሽላ የሚጠመቀውን ጨቃ ያቀርባል፣ ጎረቤቱ ይወጣል። ሃርዳ የሚባሉት የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎችም የሚቆፈሩትና የሚጠረጉት በጋራ ነው። ዩኔስኮ ይህ ባህል 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ መሆኑን መዝግቧል።

ከተሞቹ የተሠሩት በኮረብታ አናት ላይ ነው። ጋሞሌ፣ ዶካቱና መቸቄ በብዛት ስማቸው የሚነሳው ናቸው። በዙሪያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የድንጋይ አጥር አለ። ሕዝብ ሲበዛ ከአሮጌው አጥር ውጭ አዲስ ይጨመራል፤ አጥሩን በመቁጠር ከተማው እንዴት እንደሰፋ መገመት ይቻላል። ውስጡ ጠባብ መተላለፊያና የሳር ጎጆ ነው። የግቢው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ጠላት ቢመጣ መጀመሪያ የሚያስገባው አንገቱን ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያዳግትም። በጣሪያው ጫፍ ላይ የዝናብ መከላከያ ሸክላ ይደፋል።

የከተማው ልብ ሞራ ይባላል። ሞራ አደባባይ ነው፣ ሸንጎም ነው፣ ማደሪያም ነው። እስከ 17 ሞራ ያለው ከተማ አለ። ትልቁ የሞራ ቤት ከታች ክፍት ሆኖ ወንዶቹ የሚያርፉበትና የሚያወጉበት ነው። ከላይ በሳር የተከደነ ቆጥ አለው፤ ወጣቶቹ እዚያ ያድራሉ። ሌሊት እሳት ቢነሳ ወይም ጠላት ቢመጣ ኃይሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይገኛል። ሜዳው ላይ የተቀመጠ ድብልብል ድንጋይም አለ። ወጣቱ ከመሬት አንስቶ ከራሱ በላይ ወርውሮት ከጣለ ለአቅመ አዳም ደርሷል ይባላል። ጎብኚም እንዲሞክር ይጋበዛል። አለማንሳቱ ጓደኛ ፊት ትንሽ ያሳፍራል እንጂ ችግር የለውም።

በሞራው ላይ የሚቆመው ዳጋ ሄላ የሚባለው ረጅም ድንጋይ የትውልድ መዝገብ ነው። ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ድንጋዩ በሥርዓት ተፈልጦ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ይተከላል። ከአጠገቡ የጥድ ግንዶች አንድ ላይ ታስረው የቆሙበት የትውልድ ምሰሶ አለ። በእያንዳንዱ ርክክብ አንድ ግንድ ይጨመራል። የርክክቡ ጊዜ እንደየአካባቢው ቢለያይም በብዛት የሚጠቀሰው 18 ዓመት ነው። ታሪክን በዚህ ዓይነት ጉልበት የሚጽፍ ሕዝብ በዓለም ላይ ዛሬ ብዙ አይገኝም።

ዋካ ግን የተለየ ችግር ገጥሞታል። ዋካ ጀግና ሲሞት ከጠንካራ እንጨት ተቀርጾ መቃብሩ ላይ የሚቆም ሐውልት ነው። ጀግናው መሃል ይሆናል፣ ግራና ቀኝ ሚስቶቹ ይቆማሉ፣ ቀጥሎ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይደረደራሉ። እንጨት በመሆኑ ተሸካሚ ካገኘ የትም ይሄዳል። ብዙዎቹ ተነቅለው ለውጭ ሰብሳቢዎች ተሸጡ። ከሌቦች የተያዙት ዛሬ ካራት በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ተደርድረዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ኮረብታ ላይ ያለን መቃብር ሌሊት የሚጠብቀው ግን ጎረቤት እንጂ አዋጅ አይደለም። ሙዚየም የገባው ዋካ ከስርቆት ድኗል፤ የማን መቃብር ላይ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ካልተጠየቀ ግን ታሪኩ ተቆርጦ ይቀራል። የፕሮቴስታንት እምነት በስፋት ከገባ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዋካ የሚያስቀርጽ ቤተሰብ እየጠፋ ነው። ፖቆላ በሚባሉት የጎሳ መሪዎች ሥር ያሉት እንደ ካላ ያሉ የጥድ ደኖች በንጽጽር የተሻለ ቆይተዋል። ክልከላው ከእምነትም ከፍርሃትም የመጣ ስለሆነ መጥረቢያ በቀላሉ አይደፍራቸውም።

አሁን ወደ ማኅበረሰቡ እንምጣ። ኮንሶ ውስጥ ባህሉ ሁሉንም እኩል ያስተናግዳል ቢባል ውሸት ነው። ገበሬው ኤቴንታ ሲባል፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ሐውዳ ይባላሉ። ገበሬው ከሐውዳ ጋር አይጋባም ነበር፣ መሬትም በአብዛኛው በገበሬው እጅ ነበር። ዛሬ በሕግ ልዩነት የለም፤ በጋብቻና በወሬ ላይ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጎብኚ ገዝቶ የሚሄደው ደግሞ በአብዛኛው የእነሱን የእጅ ሥራ ነው፤ ጋቢውን፣ ማሰሮውን፣ ጌጡን። የቱሪዝም ገቢ ሲከፋፈል እነሱ ስብሰባው ላይ ከሌሉ ነገሩ ግፍ ነው። ሴቶችም እንደዚያው። ማሳ ላይ አሉ፣ ገበያ ላይ አሉ፣ ሞራ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ግን ቦታው የወንዶች ነው። የቅርስ ኮሚቴ በዚሁ ልማድ ከተቋቋመ ሸክላዋን የምትሠራው እናት ሳትጠየቅ ስለ ሸክላዋ ይወሰናል።

የልማቱ ጉዳይ መንገዱ ላይ ይታያል። ካራት ወደ ጂንካና ወደ ቱርሚ የሚያልፉ ጎብኚዎች መሸጋገሪያ ናት። ብዙው መኪና ግማሽ ቀን ቆሞ ያልፋል። አንድ ከተማ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማደሪያው ሌላ ቦታ ነው። ገንዘቡ የሚቀረው ሰው ሲያድር፣ ሲበላና ሲገዛ ነው። የኮንሶ ምግብ የሆነው ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ተሠርቶ በአግባቡ ቢቀርብ ለምሳ የሚቆም አይጠፋም። ሽፈራው ራሱ ደርቆና ተፈጭቶ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ በሻይ መልክ ይሸጣል፤ ከዋጋው ለአምራቹ የሚደርሰው እንዲጨምር መሥራት ጎብኚን ከመጠበቅ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው ብዙ ሰው ያፈናቀለ ግጭት ነበር፣ ድርቅም ተከትሎ መጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎብኚ መጀመሪያ ይቀራል፣ ካቡ ግን መናዱን አያቆምም። ከመግቢያ ክፍያው ላይ ለካብ ጥገና የተለየ ድርሻ መያዝ ያለበትም ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

ጣሪያውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ቆርቆሮ ሲበዛ የከተማው መልክ ይለወጣል፣ ቅርስ ጠባቂዎች አይወዱትም። ባለቤቱ ግን የራሱ ምክንያት አለው። ለክዳን የሚሆን ሳር ማግኘት እየከበደ ነው፣ ክዳኑም በየጊዜው መታደስ አለበት። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ አንዱ ከተቃጠለ ሌላውም ያሰጋዋል። ብዙ ወጣት ቤተሰቦች ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮ ሠርተው ይወጣሉ። ሳር ቤት ይቆይ የሚል አካል የሳሩን ወጪ፣ ሳሩ የሚበቅልበትን መሬትና የእሳት መከላከያውን አብሮ ማቅረብ አለበት።