ቆሻሻ የማይበዛበት ሰርግ

በአዲስ አበባ ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር አለ። በነዚህ ሳምንታት ሰኞ ጠዋት የአዳራሽ ጓሮ ዞር ብሎ ያየ ሰው፣ ግማሹ ያልተጠጣ ሃይላንድ፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የፈነዳ ፊኛና የዲኮር ጨርቅ በአንድ ማዳበሪያ ታጭቆ ያገኛል። አካባቢን የማይጎዳ ሰርግ ማለት ይህን ክምር ከመነሻው ማሳነስ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ምግቡ ነው። አንድ ሰንጋ እስኪደርስ ብዙ መኖና ውኃ ይፈጃል፣ ሚቴን የሚባለውን ጋዝም ያወጣል። የተረፈው ወጥ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ታፍኖ ሲበሰብስ እንደገና ሚቴን ይሆናል። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲከመር የኖረው ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበት ቦታ። ስለዚህ መጀመሪያ የጥሪ ዝርዝሩን ቀንሱ። ከባድ ነው፣ የሚቀየም ዘመድ አይጠፋም። ግን ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል እያሉ ሦስቴ ከመደገስ መልሱንና ቅልቅሉን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ቤተሰብም እያደረገው ነው። የተረፈውን ለነዳያን ማብላት የቆየ ወጋችን ነው፤ ምግቡ ሳይነካካ ማን ለይቶ በየትኛው መኪና እንደሚያደርሰው ግን ከሰርጉ በፊት ይወሰን፣ አለዚያ ሁሉም ደክሞት ሲተኛ ያድርና ይበላሻል።

ዕቃ ላይ እድር አለልን። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው አንዴ ለለቅሶ አንዴ ለሰርግ ይወጣል። ድስቱ ጎን ላይ የእድሩ ስም በቀለም ተጽፏል፤ ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል፣ የጎደለው ይከፈላል። ይህ እያለ የላስቲክ ሳህንና ማንኪያ መግዛት በእውነት ያሳዝናል። ጠላው በብርጭቆ፣ ጠጁ በብርሌ፣ ውኃውም በጆግ ይቅረብ። ፌስታልን ሕጉ ራሱ ደርሶበታል፦ አዋጅ 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ አግዷል።

ቬሎ መከራየት ይበቃል። ለመልስ ከሽሮ ሜዳ የሚገዛው የሸማኔ ቀሚስ ለበዓልም ለክርስትናም ይለበሳል። ለአጀብ ሃያ መኪና ከማሰለፍ ሚዜውንና ዘመዱን በአንድ አውቶቡስ መጫን ይሻላል፣ ጭፈራውም እዚያው ይደምቃል። አበባ ከፈለጋችሁ የሆለታና የሰበታ ጽጌረዳ ቅርብ ነው፣ ግን እሱም ብዙ ውኃና ኬሚካል ይወስዳል። እኔ ብሆን ከችግኝ ሻጭ በማሰሮ ያለ ተክል ተውሼ እመልሳለሁ።

በሰርግ ቀን ችግኝ መትከልም እየተለመደ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ወሩ ግን አይሆንም። በጥር የተተከለ ችግኝ ክረምት እስኪገባ ወራት ይቀረዋል፤ የሚያጠጣው ካላገኘ ይደርቃል። ሙሽሮቹ ሐምሌ ላይ ራሳቸው ሄደው ወይራ፣ ጽድ ወይም ኮሶ ይትከሉ፣ ለቀጣዩ በጋም የሚያጠጣ ሰው ከወዲሁ ያነጋግሩ።